ታርጋውን የከለለው ተሳፋሪ

የሟቿ ስልክ ጮኸ።

ቁም ሳጥኑ ላይ፣ ከቁርኣኑ ጎን፣ ቻርጀሩ ላይ እንደተሰካ ነበር። አንዴ ጮኾ ቆመ። ደግሞ አንዴ ጮኾ ቆመ። ክፍሉን የሞሉት ሴቶች ለቅሷቸውን ዋጥ አደረጉ። አንዷ «አኡዙ ቢላህ!» ብላ ደረቷን ያዘች። ሬሳው ከቤት ከወጣ ገና አንድ ሰዓት አልሞላውም።

ረምዚያ ግን ከምንጣፉ ላይ ተስፈንጥራ ተነሳች።

«አዳዳ፣ ሁለት ነው! ትልቅ ነው!»

ከዚያ የሁሉንም ዓይን አየች። አዳዳ ያለቻት የአባቷ እህት ሙስሊማ ናት። ሙስሊማ ደግሞ አሁን በወንዶች ትከሻ ላይ ሆና ወደ መቃብር እየሄደች ነው። ረምዚያ የሻርፗን ጫፍ አፏ ውስጥ ከትታ ነከሰችና ቁጭ አለች።

የደወለው ሶራ ነበር፣ የኪዋንጃው ዘበኛ። ኪዋንጃ በሞያሌ አፍ አውሮፕላን የሚያርፍበት ሜዳ ነው። ሶራ ከናይሮቢ ትንሽ አውሮፕላን መነሳቱን ሲሰማ አንድ ሚስኮል፣ ትልቅ ሲሆን ሁለት ሚስኮል ያደርጋል፤ መጀመሪያ ለሙስሊማ፣ ቀጥሎ ለረምዚያ፣ ቀጥሎ ለፎቶ ቤቱ ዴኒስ። ሙስሊማ መሞቷን ያውቃል፤ ጠዋት መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ አልቅሷል። ጣቱ ነው ያልሰማው።

«አያችሁ?» አለች ካልቶማ። ካልቶማ የሞያሌ ለቅሶ ቤት በሙሉ ያውቃታል፤ የትም ቤት ቢሆን ከሻዩ ቴርሞስ አጠገብ ናት። «ስልኳ እንኳን ሳይቀር አለቀሰ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ የኪዋንጃው ሽቦ አጥር ስር ቆማ ባሏን ስትጠብቅ! ሀምዳን ሄዶ ቀረ፣ እሷ ሰማይ ሰማይ እያየች አለቀች። በናፍቆት ነው የሞተችው፣ ወላሂ።»

«በደም ግፊት ነው የሞተችው» አለች ረምዚያ።

«ግፊቱስ ከምን መጣ?»

«ከጨው።»

«አንቺ ልጅ!»

«እውነቴን ነው፣ እትዬ ካልቶማ። ሐኪሙ ጨው ተይ አላት፣ እሷ ደግሞ ሐኪሙን ተወችው። ማንንም አልጠበቀችም። ደግሞ ሀምዳን የሄደው በሎሪ ነው! እሱን ብትጠብቅ ኖሮ የሎሪ ፎቶ ነበር የምታነሳው።»

ጥግ ላይ ያለች አንዲት ሴትዮ ሳቋ አመለጣትና በሳል ሸፈነችው። ካልቶማ ግን አልሳቀችም። ኩባያዋን ሞላች፣ ስኳሩን አማሰለች፣ ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀመረች። በዚህኛው ዙር ሙስሊማ ሽቦው ስር ታለቅስ ነበር የሚል ተጨመረበት።

ረምዚያ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ከሰባተኛ ክፍል ወጥታ የአክስቷን ሱቅ ስትጠብቅ ሦስት ዓመት ሆናት። ሽቦው ስር ያለቀሰ ሰው አይታ አታውቅም። የተጣላ አይታለች፣ የሳቀ አይታለች፣ ፀሐይ አናቱን መትቶት የተኛም አይታለች። ያለቀሰ ግን የለም።

ሙስሊማ ከኬንያው ሞያሌ ወደ ኢትዮጵያው ሞያሌ መጋረጃና ብርድ ልብስ የምታመላልስ ነጋዴ ነበረች። ከሰባት ዓመት በፊት ዕቃ ልታመጣ ናይሮቢ ኢስሊ ገበያ ወረደችና ከመጋረጃው ጋር አንድ ያገለገለ ካሜራ ይዛ ተመለሰች። ሌንሱ የክንድ ያህል ረጅም ነው። ያኔ ረምዚያ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

«ይሄ ለምንሽ ነው፣ አዳዳ?»

«አውሮፕላን ላነሳበት።»

«አውሮፕላን ለምን?»

ሙስሊማ ውሃ ለምን ትጠጫለሽ የተባለች ይመስል ልጅቷን ትክ ብላ አየቻት። «ሲያርፍ አይተሽ አታውቂም እንዴ? መጀመሪያ የኋላ እግሮቹን፣ ከዚያ አፍንጫውን፣ ቀስ አድርጎ። እንደ ሙሽራ ነው እኮ የሚቀመጠው። ነይ ላሳይሽ።»

ይኸው ነው ምክንያቱ። ሌላ የለም። ረምዚያ በሰባት ዓመት ውስጥ ሌላ ምክንያት ብትፈልግ ብትፈልግ አላገኘችም።

ዴኒስ የመጣው በሁለተኛው ዓመት ነው። የኪሱሙ ከተማ ልጅ ነው፤ ገበያው ጫፍ ላይ የፓስፖርት ፎቶ የሚያነሳባት ጠባብ ቤት ተከራይቷል። አንድ ቀን ረፋድ ላይ እሱም ካሜራውን አንጠልጥሎ ሽቦው ጋ ብቅ አለ። ምሥራቅ ዞሮ፣ ፀሐይን ፊት ለፊት ተጋፍጦ ማንሳት ሲጀምር ሙስሊማ አልቻለችም።

«አንተ! ፀሐይን ከኋላህ አድርግ! ከሰል ነው የምታነሳው?»

ዴኒስ አማርኛ አይችልም ነበር። እጁን ይዛ እንደ ምሰሶ አዞረችው። ከዚያ ቀን በኋላ ማማ ሙስሊማ አላት፤ አማርኛውንም እዚያው ሽቦ ስር፣ አውሮፕላን በሚጠበቅበት ሰዓት፣ ከስድቧ ተማረው። ሶራ መጀመሪያ ሦስቱንም ያባርራቸው ነበር። ኋላ ሙስሊማ እሱን ከአንድ አውሮፕላን ፊት አቁማ፣ ዱላውን አስይዛ አነሳችው። ፎቶውን ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀለ፤ ሚስኮሉ የተጀመረው ከዚያ ነው።

ሕጉ የሙስሊማ ነበር። ታርጋው ያልተነበበ አውሮፕላን አልተያዘም። ጅራቱ ላይ ያሉት ፊደሎች አንድ በአንድ መታየት አለባቸው፤ አንዷ ከጠፋች ፎቶው የፈለገ ቢያምር ደብተር ላይ አይገባም። ተሳፋሪ ደግሞ ፎቶ ውስጥ አይገባም። «ሰው የትም አለ፣ ከፈለጋችሁ ሰርግ ሂዱ» ትላለች።

አንዴ ፖሊስ ይዟቸው ነበር። ድንበር ነው፣ ካሜራ ነው፣ ያውም ዙም ነው። «ለማን ነው የምትልኩት?» አለ ፖሊሱ። ሙስሊማ ደስ አላት። ሰው ስለ ፎቶዎቿ ጠይቋት አያውቅማ! ከጎኑ ወንበር ስባ ተቀመጠችና አንድ በአንድ ታሳየው ጀመር፤ ይሄ ሞተሩ አንድ ነው፣ ይሄ ሁለት ነው፣ ይቺ ባለፈው ዓመት ቀለሟ ሌላ ነበር፣ እያት ክንፏን። ስልሳኛው ፎቶ ላይ ፖሊሱ ተነስቶ በሩን ከፈተላቸው። «ማማ፣ እባክሽ ቤትሽ ሂጂ» አለ።

በሁለተኛው ቀን ሀምዳን መጣ። በአውሮፕላን።

ከሚኖርበት ጆበርግ ዕቃ ሊገዛ ናይሮቢ መጥቶ ሳለ መርዶውን ሰምቶ ነው። ቡናማ ሱፍ ለብሷል፤ ከሞተር ሳይክል ወርዶ ገና ግቢው ሳይደርስ ማልቀስ ጀመረ። የረምዚያ አባት መሐዲ ከድንኳኑ ወጥቶ አቀፈው። ድንኳን ማለት የሎሪ ሸራ ነው፤ ከግንቡ እስከ ኒም ዛፉ ድረስ ተወጥሮ ወንዶቹ ከስሩ ተቀምጠዋል።

ካልቶማ ለዚህ ስትል ቴርሞሱን ትታ ደጅ ወጣች።

«አላልኩም? በአውሮፕላን መጣ! ቀኑን ጠብቃ ጠብቃ፣ አንድ ቀን ቀደመችው። ያ አላህ!»

ሀምዳን ቀና አለ። ዓይኑ ቀልቷል። «ማን? ሙስሊማ እኔን ትጠብቅ ነበር?»

«በየቀኑ! አውሮፕላን በመጣ ቁጥር እየሮጠች። ፎቶ ሁሉ ታነሳ ነበር፣ አንተ ትወርድ እንደሆነ ብላ።»

ሀምዳን እንደገና አለቀሰ። ረምዚያ በመስኮት ታየው ነበር። በዚህኛው ለቅሶ ውስጥ ትንሽ ደስ ያለው መሰላት። ሰው በሦስተኛው ዓመት ስልክ መደወል አቁሞ፣ በአሥራ ሁለተኛው ዓመት እንደዚያ ተጠበቅክ ሲባል፣ ደስ አይለውም ታዲያ? ሙስሊማ ፍቺ እንኳን አልጠየቀችም። ፍርድ ቤት ስትንከራተት አውሮፕላን ያምልጣት እንዴ?

ሳይመሽ መሐዲ ልጁን ወደ ጓሮ ጠራት። የውሃ በርሜሉ ላይ ተደግፎ ቆሟል።

«ነገ የለቅሶው ሦስተኛ ቀን ነው። ሼሁ ዱዓ ሲያደርጉ የቤተሰቡን ቃል እኔ ነኝ የምናገረው» አለ። «ሙስሊማ በባሏ ላይ ሶብር አድርጋ፣ ታግሣ ጠብቃ እንደሞተች እናገራለሁ። ካሜራውንም ፎቶውንም ለሀምዳን እሰጠዋለሁ። አንቺ ደግሞ ምላስሽን ትሰበስቢያለሽ።»

«አባ፣ ውሸት ነው።»

«አውቃለሁ።»

ረምዚያ ያልጠበቀችው መልስ ነበር።

«እኔ እህቴን አላውቃትም? አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ አውቃታለሁ» አለ መሐዲ። ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ሰባት ዓመት መስጊድ ደጃፍ ላይ ሰው ይጠይቀኛል። እህትህ ሽቦ ስር ከወንድ ጋር ቆማ ምን ታደርጋለች? ዴኒስ የሚባለው ምኗ ነው? ልቧን አሟት ነው እንዴ? ምን ልበል? አውሮፕላን ያምራታል ልበል? አሁን አላህ መልስ ሰጠኝ። ባሏን ትጠብቅ ነበር። በቃ፣ አለቀ፣ ሰው ዝም አለ። ስሟ ንጹሕ ሆኖ ትረፍ።»

«ስሟ ቆሻሻ ነበር እንዴ?»

«ረምዚያ!»

«የሷ አይደለማ፣ ያንተ ነው የሚጸዳው።»

መሐዲ እጁን አነሳ። አልመታትም፤ አንስቶ በርሜሉ ላይ መልሶ አሳረፈው። ረምዚያ ግን የተመታች ያህል ፊቷ ነደደ። ሻርፗን ጠበቅ አድርጋ በጓሮ በር ወጣች።

ዴኒስ ፎቶ ቤቱን ከፍቶ ብቻውን ተቀምጦ ነበር። ጠዋት ድንኳኑ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ቆይቶ፣ ሰዎቹ አፍጥጠው ሲያዩት ጊዜ ተነስቶ መጥቷል።

«ፖሌ፣ ረምዚያ» አለ፤ አይዞሽ ማለቱ ነው።

«ፖሌውን ተወው። የሙስሊማን ፎቶዎች ክፈትልኝ። ነገ አባቴ ለሀምዳን ሊሰጥ ነው።»

«ሀምዳን ማነው?»

«ባሏ ነዋ! ዛሬ የመጣው፣ ቡናማ ሱፍ ለባሹ።»

«እሱ ሰውዬ» አለ ዴኒስ። ግንባሩን አሸ። «ጠዋት ድንኳን ውስጥ አየሁት። የት ነው የማውቀው፣ የት ነው የማውቀው እላለሁ። ፎቶ ላይ ነው። እኛ ፎቶ ላይ።»

«የኛ ፎቶ ላይ ተሳፋሪ የለም።»

«አንድ ጊዜ ነበር።»

ፎቶዎቹ በሙሉ በዴኒስ ኮምፒዩተር ውስጥ በዓመትና በወር ተቀምጠዋል። ዴኒስ የዛሬ አራት ዓመቱን ከፈተ፤ ብዙም አልፈለገ። አምስት ፎቶዎች ናቸው፣ አንድ ነጭ አውሮፕላን። በመጀመሪያው በሩ ይከፈታል። በሁለተኛው አንድ ሰው ቦርሳ ይዞ ወርዷል። በሦስተኛው ሰውየው ጅራቱ ፊት ቆሞ፣ ካሜራውን ቀጥ ብሎ እያየ ነው። ሀምዳን ነው፤ ፂሙ ጥቁር ሆኖ፣ ሆዱ ትንሽ አነስ ብሎ። በአራተኛው ዘወር እያለ ነው። በአምስተኛው ማንም የለም። አውሮፕላኑ ብቻ፣ ፀሐይ ከጎን መትታው፣ ፊደሎቹ አንድ በአንድ ይነበባሉ።

ረምዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። «ከአራት ዓመት በፊት ሞያሌ መጥቶ ነበር?»

«መጥቶ ነበር። ያን ቀን አንቺ ትምህርት ቤት ነበርሽ። ማማ ሙስሊማ ጮኸች። ‹ወንድሜ፣ ዞር በል!› አለች። ዞር አለ፣ ታክሲ ያዘ፣ ወደ ኢትዮጵያ በኩል ሄደ። እኔ ማነው አልኳት።»

«ምን አለችህ?»

«‹ተሳፋሪ› አለች። ከዚያ ውሃ ጠጣች። ብዙ ጠጣች። ከዚያ ‹ታርጋው ተነበበ?› አለች።»

ደብተሩን አወጣ። በሙስሊማ ጠማማ ጽሕፈት፣ ከቀኑና ከፊደሎቹ ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦ ተሳፋሪ ታርጋውን ከለለ። በአምስተኛው ተሳካ።

ረምዚያ ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከሞቷ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አለቀሰች። ዴኒስ ማተሚያውን አበራና ጀርባውን ሰጣት።

በሦስተኛው ቀን ከዐሱር ሶላት በኋላ ድንኳኑ ሞላ። ተምር ዞረ፣ ሻይ ዞረ። ሶራ ከኪዋንጃው ፈቃድ ጠይቆ መጥቷል። ዴኒስም ተመልሶ መጥቶ ከሶራ ጎን ተቀምጧል። ካሜራው መሐዲ እግር ስር በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል።

ረምዚያ ከሴቶቹ ክፍል ወጥታ ቀጥ ብላ ወደ ወንዶቹ ድንኳን ገባች። ካልቶማ ከኋላዋ «የት ነው የምትሄጂው?» አለች። «ዱዓ ላይ» አለች ሳትዞር። ወንዶቹ አጉረመረሙ። መሐዲ ዓይኑን አፈጠጠ። ረምዚያ ጫማዋን አወለቀች፣ በምንጣፉ መሃል ሄደች፣ ሀምዳን ፊት ተንበረከከችና ሁለት ፎቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት፤ ሦስተኛውንና አምስተኛውን።

ለሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «አዳዳ ናት ያነሳችዎ» አለችው። «እርስዎ ታርጋውን ከልለውባት ነበር።»

ሁሉን ጮክ ብላ ልትናገር ነበር የመጣችው። ሌሊቱን ሙሉ አጥንታዋለች፣ እንዲህ እለዋለሁ፣ እንዲህ አዋርደዋለሁ ብላ። የሰውየውን እጅ ስታይ ግን ቃሉ አነሰባት። እጁ የፎቶዎቹን ጫፍ ደጋግሞ ያስተካክል ነበር።

ሀምዳን ፎቶዎቹን ወደ ብርሃኑ አዞራቸው። ሦስተኛውን አየ፣ አምስተኛውን አየ፣ ተመልሶ ሦስተኛውን አየ።

«ሴትየዋ…» አለ። «ዞር በል ያለችኝ ሴትዮ። ፊቷን ካሜራው ሸፍኖት ነበር።»

«አዎ።»

«አውቃኝ ነበር?»

«በዙም ነው ያየችዎ» አለች ረምዚያ። «የፂምዎን ፀጉር መቁጠር ትችል ነበር።»

ሼሁ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ለመሐዲ ምልክት ሰጡት። መሐዲ ተነሳ። ልጁን በዓይኑ ከድንኳኑ ሊያስወጣት ሞከረ፤ አልወጣችም፣ እዚያው ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

«ወንድሞቼ፣ ለመጣችሁበት አላህ ይክፈላችሁ» አለ መሐዲ። «እህቴ ሙስሊማ… እህቴ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ባሏን…»

«መሐዲ» አለ ሀምዳን።

ሀምዳን ፎቶዎቹን ገልብጦ ጭኑ ላይ አስቀምጧቸዋል። ቀና አላለም።

«አልጠበቀችኝም። አትበል። ከአራት ዓመት በፊት መጥቼ ነበር፤ ቤቷን ሳልረግጥ ተመለስኩ። አይታኛለች። አልጠራችኝም። በኔ ምክንያት እንዳትዋሽባት።»

መሐዲ እንደቆመ ቀረ። መቶ የሚሆን ወንድ ሻዩን ይዞ ያየዋል። ሰባት ዓመት መስጊድ ደጃፍ ላይ የሸሸው ጥያቄ አሁን ድንኳን ሞልቶ ተቀምጧል። ወደ ልጁ ዞረ፤ በቁጣ አልነበረም።

«እና ምን ልበል?» አላት። በቀስታ ነበር፣ ግን ሁሉም ሰማ።

«አውሮፕላን ትወድ ነበር በል» አለች ረምዚያ። «ሌላ ነገር የለውም፣ አባ። በጣም ትወድ ነበር።»

አንድ ሽማግሌ ሳል ያዘው። ሶራ ዱላውን መሬት ላይ አስተካከለ። መሐዲ ትንፋሽ ወሰደ።

«እህቴ ሙስሊማ አውሮፕላን ትወድ ነበር» አለ። ድምፁ መጀመሪያ ተሰነጠቀ፣ ከዚያ ቀጥ አለ። «ማንንም አልጠበቀችም። ሽቦው ስር የምትቆመው አውሮፕላን ለማንሳት ነው። አብረዋት የሚቆሙት እነዚህ ጓደኞቿ ናቸው፣ ዴኒስና ሶራ፣ እንግዶቼ ናቸው። ያስቀየመችው ሰው ካለ አውፍ ይበላት።»

«አውፍ ብለናል» አሉ ከወዲህም ከወዲያም። «አላህ ይርሀማት።»

ሼሁ እጃቸውን ዘረጉ፣ ሁሉም ዘረጋ። ዴኒስ ክርስቲያን ነው፤ ሶራን አየና እሱም ዘረጋ። ከቤቱ በር ላይ ካልቶማ ቆማ ትሰማ ነበር። ታሪኩን ሳትጀምር ወደ ቴርሞሱ ተመለሰች።

ወደ መግሪብ ሶላት ግድም ሰው ተበተነ። ሀምዳን ፎቶዎቹን ኪሱ ከትቶ፣ ካሜራውን ሳይጠይቅ ሄደ። ሸራውን ጎረቤት ሎሪ ስለሚፈልገው መሐዲ ገመዱን ፈታ፣ ረምዚያም በሌላው ጫፍ ያዘች። ሁለቱን ጫፎች እሱ፣ ሁለቱን እሷ። አቧራውን አራገፉት። መሃሉን ሊያጥፉት ሲጠጉ፣ በኡራን መንደር በኩል ካለው ሰማይ ቀጭን ድምፅ መጣ።

መሐዲ ቆመ። የአንድ እጁን ጫፍ ለቀቀና መዳፉን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ቀና አለ። እንደማያውቅ ሰው የተሳሳተ ቦታ ይፈልግ ነበር፤ ድምፁ ካለበት ርቆ፣ ደመናው ውስጥ። አንገቱ ላይ ያለው ጅማት ተወጥሯል፣ ጉንጩ እርጥብ ነው።

ረምዚያ ወዴት እንደሚያይ ልትነግረው ትችል ነበር። አልነገረችውም። የለቀቀው ጫፍ መሬት እንዳይነካ ሸራውን ወደ ራሷ ሳበችው፤ ከባድ ነበር፣ ክንዷ ዛለ፣ እሱ ግን ገና ሰማዩን እየፈለገ ነው። ክንዷን ከፍ አድርጋ እንደያዘች ቆመች።